ቀሽም የሆረር ፊልም ከጓደኛ ጋር እንዴት ይታያል? ከምርጫው እስከ ቡናው

በየወሩ አንድ ቅዳሜ ማታ አራት ኪሎ ያለችው ቤቴ በሰው ትሞላለች። የምናየው ቀሽም የሆረር (የሚያስፈራ) ፊልም ነው። በጥቂት ገንዘብ የተሠራ፣ መቃብሩ ካርቶን መሆኑ የሚያስታውቅ፣ ተዋናዩ ንግግሩን ግጥም እንደሚወጣ ተማሪ የሚወጣበት ዓይነት።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እኛም ሞክረን ነበር። ገና ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ስልኩን አወጣ። እናንተ እንዴት ነው እስከ መጨረሻ የምትዘልቁት?» በስልክም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ሠርግ ላይም ተጠይቄያለሁ።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ጥሩ ፊልም ተመልካቹን ራሱ ይይዛል። ቀሽም ፊልም ግን የመያዙን ሥራ ለጋባዡ ይተወዋል። ጋባዡ ካልተዘጋጀ ያሰለቻል። ከተዘጋጀ ግን ከብዙ ውድ ፊልም የበለጠ ሲወራለት ይኖራል። ረጅሙ መልስ ከታች ያለው ነው። የጻፍኩት ከ6 እስከ 8 ሰው ለሚይዝ ክፍል፣ ለኮንዶሚኒየም ሳሎንም ለግቢ ቤትም እንዲሆን አድርጌ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፊልሙ፣ አስቀድሞ የወረደ። አንዱ ቅጂ ላፕቶፕ ላይ፣ ሌላው ፍላሽ ላይ ይሁን።
- ፕሮጀክተር ወይም ቴሌቪዥን። ፕሮጀክተር ከተከራያችሁ ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው የኤችዲኤምአይ ገመድ አብሮ መኖሩን እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ አረጋግጡ። እኔ አንድ ጊዜ ያለ ገመድ ይዤ መጥቼ ስምንት ሰው በ14 ኢንች ላፕቶፕ አይቷል።
- ፕሮጀክተር ካለ 3 ሜትር ነጭ አቡጀዲ፣ እና የመጥረጊያ እንጨት።
- አንድ ስፒከር።
- ሁለት ኤክስቴንሽን።
- ለመስኮቱ ወፍራም መጋረጃ ወይም ብርድ ልብስ።
- ግማሽ ኪሎ የፈንዲሻ በቆሎ፣ ዘይት፣ ጨው፣ እና ሰፊ ጎድጓዳ ሳህኖች።
- ቡና ከነሙሉ ዕቃው።
- ደብተርና እስክሪብቶ። ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ጥቅሙን ደረጃ 2 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ከልቡ የተሠራውን ምረጡ

ማታው የሚበላሸው ወይም የሚያምረው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ቀሽም ፊልም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሠሪው ሆን ብሎ ቀሽም ያደረገው ነው። ስሙ ያስቃል፣ ፖስተሩ ያስቃል፣ አምስት ደቂቃ ያስቃል። ከዚያ በኋላ ግን ይደርቃል፤ ምክንያቱም ሠሪው ቀልዱን ቀድሟችሁ ቀልዶታል፣ ለናንተ የሚገኝ ነገር አልተወላችሁም። ሁለተኛው ሠሪው እውነተኛ የሚያስፈራ ፊልም ልሥራ ብሎ ተነስቶ፣ ያለውን ሁሉ አፍስሶ፣ ገንዘቡም ችሎታውም ያልደረሰለት ነው። የምትፈልጉት ይሄኛውን ነው። እዚህ ውስጥ ስህተቱ ሁሉ የሰው እጅ ይታይበታል። ውድ ፊልም ላይ የሠሪውን እጅ እንዳታዩ ብዙ ሚሊዮን ብር ይፈስሳል። ቀሽም ፊልም ላይ ግን ሙጫው፣ ገመዱ፣ የተዋናዩ ፍርሃት፣ ሁሉም ፊት ለፊት ነው።

ፊልሙን ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሠሪው ከምሩ ነው? በየአሥር ደቂቃው አንድ ነገር ይሆናል? ርዝመቱ ከ90 ደቂቃ በታች ነው? መጥፎ ትወና፣ መጥፎ ጭራቅ፣ መጥፎ ድምፅ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው መሰላቸት ነው።

ለመጀመሪያ ማታ ሁልጊዜ የማሳየው «ፕላን ናይን ፍሮም አውተር ስፔስ»ን ነው። ዳይሬክተሩ ኤድ ውድ ይባላል። ርዝመቱ 79 ደቂቃ ነው። ከሌላ ዓለም የመጡ ሰዎች ሙታንን ከመቃብር ያስነሳሉ፤ ታሪኩ ይኼው ነው። በዚህ ፊልም ላይ ስሙ በትልቁ የተጻፈው ቤላ ሉጎሲ፣ በ1931 እ.ኤ.አ. ደም መጣጩን ድራኩላን የተጫወተው ማለት ነው፣ ፊልሙ ሳይጀመር በነሐሴ 1956 እ.ኤ.አ. ሞቷል። ኤድ ውድ እጅ ላይ የቀረው ቀድሞ የቀረጸው፣ ድምፅ የሌለው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። እሱን ፊልሙ ውስጥ አስገባው። የጎደለውን ደግሞ ቶም ሜሰን በሚባል ሰው ሞላው። ይህ ሰው ተዋናይ አይደለም፤ የኤድ ውድ ሚስት የምትታከምበት ካይሮፕራክተር፣ አከርካሪን በእጁ እያሸ የሚያክም ባለሙያ ነበር። ከሉጎሲ ይረዝማል፣ መልኩም አይመስልም። ስለዚህ ካባውን በክንዱ አንስቶ ፊቱን እስከ ዓይኑ ሸፍኖ ይራመዳል። ይህን ቦታ ቀስ ብላችሁ እዩት። ካባ የለበሰ ሰው በክንዱ ፊቱን ጋርዶ ሰው ላይ ይመጣል። ክንዱን ዝቅ አያደርግም፤ ማድረግም አይችልም። ዝቅ ካደረገ ሌላ ሰው ነዋ! እኔ ይህን ቦታ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ እስቃለሁ፣ ከዚያ አንድ ነገር ሆዴን ይነካኛል። ጓደኛው ሞቶበት ፊልሙን ያልተወ ሰው ሥራ ነው።

ለጀማሪ ይህን የምመክረው ፊልሙ ፋታ ስለማይሰጥ ነው። ሰው አጠገቡ ሲያልፍ የሚነቃነቅ የመቃብር ድንጋይ አለ። በአንድ ትዕይንት መሀል ሌሊቱ ቀን ይሆናል፣ ተመልሶ ይመሻል። የአውሮፕላኑ አብራሪዎች ክፍል መጋረጃ የተንጠለጠለበት ጠባብ ሳጥን ነው።

ለሁለተኛ ማታ «ትሮል 2» ጥሩ ነው። የ1990 እ.ኤ.አ. ፊልም ነው። ትሮል የተረት ጭራቅ ነው፤ ስሙ ትሮል ይበል እንጂ ፊልሙ ውስጥ አንድም ትሮል የለም፤ ያሉት ጎብሊን የሚባሉ ሌሎች የተረት ጭራቆች ናቸው። ዳይሬክተሩ ጣልያናዊ፣ ተዋናዮቹ በአብዛኛው አሜሪካ ዩታ ውስጥ የተገኙ ልምድ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። አንድ ወጣት ጎብሊኖቹ አንዲት ልጅ ሲበሏት እያየ በሚጮህበት ቦታ ግንባሩ ላይ ዝንብ ታርፋለች። ዝንቧ አልተባረረችም፣ ቀረጻውም አልተደገመም። ሰው ሁሉ ዝንቧን እንዲያይ አትጠቁሙ። አንድ ሰው ራሱ ያገኛታል፤ ያገኘው ሰው ደስታ ለሌላውም ይተርፋል።

«ማኖስ፦ ዘ ሃንድስ ኦቭ ፌት»ን ግን ለጀማሪ አታሳዩ። በ1966 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ኤል ፓሶ ውስጥ የሠራው ሃሮልድ ዋረን ማዳበሪያ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ካሜራው በአንድ ጊዜ ከ32 ሰከንድ በላይ መቅረጽ አይችልም። ድምፅም አይቀዳም ነበርና የሁሉንም ድምፅ ጥቂት ሰዎች በኋላ አስገቡት፤ የትንሿን ልጅ ጭምር አዋቂ ሴት ናት የተናገረችላት። በሌሊቱ ትዕይንት የእሳት ራቶች የቀረጻውን መብራት ተከትለው ተዋናዮቹ ፊት ላይ ይርመሰመሳሉ። እኔ በጣም እወደዋለሁ። ነገር ግን እጅግ ቀርፋፋ ስለሆነ ጨዋታው የገባው ሰው ብቻ ነው የሚችለው። ሦስት አራት ማታ አብራችሁ ካያችሁ በኋላ አምጡት።

አንድ ነገር ሳይምታታባችሁ፤ ርካሽ ማለት ቀሽም ማለት አይደለም። «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» በ1968 እ.ኤ.አ. በ114 ሺህ ዶላር ገደማ ተሠራ፤ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ግን ጎበዝ ፊልም ነው፣ ከምር ያስፈራል። ሊስቅ የመጣን ሰው ይህን ብታሳዩት ማታው ይከብዳል። ለብቻው ማታ ስጡት።

ስለ ማውረድ፦ ይሄው የ1968ቱ ፊልም ርዕሱ ሲቀየር የባለቤትነት ማስታወቂያው ሳይጻፍበት ስለቀረ አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ንብረት ሆኗል። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። እዚያ ሌሎች ብዙ አሮጌ የሆረር ፊልሞችም አሉ። ሌሊት ላይ አውርዱ፤ ኔትዎርኩም ይሻላል፣ የሌሊት ጥቅልም ይረክሳል። ባለቤት ያለውን ፊልም በሕጋዊ መንገድ አግኙ። ሰው ስትጠሩም የመግቢያ ገንዘብ አትቀበሉ፤ ገንዘብ ከተቀበላችሁ ነገሩ ሌላ ፈቃድ የሚጠይቅ የሕዝብ ትርዒት ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ቀድማችሁ ብቻችሁን እዩት

ከነደብተሩ። እኔ ሁለት ምልክት ብቻ እጠቀማለሁ። «ወ» ወርቅ ነው፤ ሁሉም ተደንቆ ከመቀመጫው የሚነሳበት ቦታ። «በ» በረሃ ነው፤ ሰዎች ኮሪደር ውስጥ ዝም ብለው የሚሄዱበት፣ መኪና ዝም ብሎ የሚነዳበት። አጠገቡ ደቂቃውን ጻፉ። «23 ወ፣ 31 በ፣ 38 ወ» እንዲህ።

ለምን? በረሃው የት እንዳለ ካወቃችሁ ፈንዲሻው መቼ እንደሚዞር ታውቃላችሁ። ወርቁ የት እንዳለ ካወቃችሁ ያን ጊዜ ወጥ ቤት አትገቡም። ደግሞም ፋይሉ መሀል ላይ የሚቆም ከሆነ ዛሬ ታውቁታላችሁ። እንግዳን የሚያሳፍር ትዕይንት ካለም እንዲሁ።

ደረጃ 3፦ ሰው ጋብዙ

ከ6 እስከ 8። ከ4 ካነሰ ሳቁ አይያያዝም። ከ10 ከበለጠ ወሬው ለሁለት ይከፈልና ግማሹ ሌላ ጨዋታ ይጀምራል።

ሁሉም የፊልም አዋቂ እንዳይሆን። አንድ ቶሎ የሚደነግጥ ሰው ይኑር። አንድ በእጁ የሚሠራ ሰው ይኑር፣ ልብስ ሰፊ ወይም አናጢ። ይህ ምክር ያለምክንያት አይደለም። ካዛንቺስ ይሠራ የነበረ አናጢ ጓደኛ አለኝ። «ፕላን ናይን»ን ስናይ አብራሪዎቹ የተቀመጡበት ቦታ ሲመጣ «ቆይ፣ ቆይ፣ መልሰው!» አለ። መለስኩት። ተነስቶ አቡጀዲው ድረስ ሄደ። በጣቱ እየጠቆመ «ይሄ ኮምፔንሳቶ ነው። ከኋላው ሞራሌ አለ፣ እዚህ ጋ አልተደገፈም፣ ለዚህ ነው የሚወዛወዘው» አለ። ከዚያ ዛሬ መርካቶ ሄዶ ቢገዛ ስንት ብር እንደሚፈጅ ማስላት ጀመረ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ፊልሙን የሚያየው ሌላ ሆኖ ነው። ማንም «አይ እነዚህ ሰዎች» አላለም። «እንዴት አድርገው አቆሙት?» ማለት ጀመሩ።

ስትጠሩ ፊልሙ ውስጥ ምን እንዳለ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሰይጣን፣ ጥንቆላ፣ ሙታን ማስነሳት፣ ደም። እንዲህ ያለውን ማየት የማይፈልግ ሰው ብዙ ነው፤ መብቱም ነው። ቤታችሁ መጥቶ ከሚጨነቅ ቤቱ ሆኖ ቢወስን ይሻላል። ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የበዛበት ፊልም ከሆነም ተናገሩ፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 4፦ ቀኑና ሰዓቱ

ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ በዚህ ሰዓት ፀሐይ ጠልቃለች። 79 ደቂቃ ፊልም ከመግቢያውና ከእረፍቱ ጋር ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል። ቡና ሲጨመር 3 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ወደ ፒያሳም ወደ መገናኛም የሚሄደው ሳይመሽበት ታክሲ ይይዛል። እንግዳው ስለ ታክሲ ማሰብ ከጀመረ ፊልሙን ማየት ያቆማል።

ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ፈንዲሻው ላይ ቅቤ እንዳታደርጉ። የክረምት ማታ ከሆነና ቤታችሁ ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ድምፁን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። በሐምሌና በነሐሴ ፎቅ ላይ ያለ ጓደኛ ቤት ብታደርጉት ይመረጣል።

ደረጃ 5፦ ክፍሉን አዘጋጁ

አቡጀዲውን ተኩሱት። እጥፋቱ ከቀረ የተዋናዩ ፊት ለሁለት ይከፈላል። ከላይ በሚስማር ወይም በመጋረጃ ዘንግ አንጠልጥሉት፣ ከታች የመጥረጊያ እንጨቱን ጠቅልላችሁ ስፉበት፤ ክብደቱ ይወጥረዋል። ነጭ ግድግዳ ካላችሁ ይህን ሁሉ ዝለሉት።

መቀመጫውን እንደ ሲኒማ በመደዳ አትደርድሩ። በግማሽ ክብ ይሁን። እንዲህ ያለ ፊልም ሲታይ ግማሹ ደስታ የሌላውን ሰው ፊት ማየት ነው። ለዚሁ ብላችሁ ክፍሉን ድቅድቅ አታድርጉት። ከተመልካቹ ጀርባ አንዲት ትንሽ መብራት ተዉ፤ ፊት ለፊት ያለውን ምስል አታደበዝዝም፣ ሰው ለሰው ግን ያስተያያል።

ስፒከሩ ከምስሉ ሥር ይሁን። አሮጌ ፊልሞች ድምፃቸው የታፈነ ስለሆነ ባሱን ቀንሱ፣ የንግግሩን ድምፅ ጨምሩ። ከዚያ የመጨረሻው ወንበር ላይ ራሳችሁ ተቀምጣችሁ አድምጡ። ጎረቤትም ድርሻ አለው፤ ግድግዳ ለግድግዳ ከሆናችሁ የጩኸት ፊልም እንደሆነ ቀድማችሁ ንገሩ። እኔ ጋ አንድ ማታ እትዬ «ምን ሆናችሁ ልጆቼ?» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ደጄ ድረስ መጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ እነግራቸዋለሁ።

ማስጠንቀቂያ፣ ከሰል፦ መስኮትና በር ዘግታችሁ እዚያው ክፍል ውስጥ በከሰል ቡና አታፍሉ። የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ይገድላል። አንድ ማታ እኔ ቤት አንዷ ጓደኛችን «ራሴን አመመኝ» አለች፣ ሁለተኛው ደግሞ አዞረኝ አለ። መስኮቱን ሁሉ በረጋግደን ውጭ ወጣን፣ አየር ሲያገኙ ተሻላቸው። ሁላችንም ፈዘን ብንተኛ ኖሮ የሚያስነሳን አልነበረም። ከሰሉ በረንዳ ላይ ይሁን፣ ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ራስ ምታት ወይም ማዞር ከተሰማው ቶሎ አስወጡአቸው። ካልተሻላቸው ወደ ሕክምና ውሰዱአቸው።

ማስጠንቀቂያ፣ ኤክስቴንሽን፦ ምድጃውንና ፕሮጀክተሩን በአንድ ኤክስቴንሽን ላይ አትሰኩ። ምድጃ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ቀጭኑ ገመድ ይግላል፣ ሊቀልጥም ይችላል። ሁለት ኤክስቴንሽን ያልኩት ለዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ ሁለት ደቂቃ ተናገሩ፣ ከዚያ ዝም

ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ስለ አሠራሩ አንድ እውነት ብቻ ንገሯቸው። ስለ ካባው ሰውዬ፣ ወይም ስለ 32 ሰከንዱ ካሜራ። ከዚያ በላይ አይሁን። ይህን የምታደርጉት ተመልካቹ ስህተት ቆጣሪ ሆኖ እንዳይቀመጥ ነው። ከስህተቱ ጀርባ ሰው እንዳለ ካወቀ ዓይኑ ሌላ ነገር ይፈልጋል።

«በጣም ነው የሚያስቀው» አትበሉ። ሳቅ በቀጠሮ አይመጣም። እንዲህ ካላችሁ እንግዳው «እስቲ አስቀኝ» ብሎ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል።

ደረጃ 7፦ ተራኪ መድቡ

እነዚህ ፊልሞች የአማርኛ ጽሑፍ ብዙም አይገኝላቸውም። የድምፃቸው ጥራት ስለሚያንስ እንግሊዝኛ የሚችልም ይቸገራል። ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው መፍትሔውን ያውቀዋል፦ አንድ ሰው ይተርካል። ኡጋንዳ ውስጥ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ቪዲዮ ጆከር ይሉታል። ካምፓላ ዋካሊጋ ሰፈር በ2010 እ.ኤ.አ. የተሠራው «ሁ ኪልድ ካፕቴን አሌክስ» የሚባለው የድብድብ ፊልም ላይ የተራኪው ድምፅ ፊልሙ ውስጥ ገብቶ የፊልሙ አካል ሆኗል።

ተራኪያችሁ ሦስት ነገር ይጠብቅ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አይተርጉም፤ ማን ምን ፈልጎ እንደሚሄድ ብቻ በአጭሩ ይበል። የሚመጣውን አይናገር። የተዋናይን መልክ፣ ውፍረት፣ የአነጋገር ጉድለት አንስቶ ሙድ አይያዝ። ካርቶኑ ላይ ሳቁ፣ ሰውየው ላይ አትሳቁ። ሰው ላይ መሳቅ ከተጀመረ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ «እኔ ላይስ?» ብሎ ይጠነቀቃል፤ የተጠነቀቀ ሰው ደግሞ አይጫወትም።

ደረጃ 8፦ ፊልሙ ሲታይ

የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ማንም አያውራ። ፊልሙ የራሱን ቋንቋ እስኪያስለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ወሬ ይፈቀዳል፣ ስልክ አይፈቀድም። ስልኮቹን አንድ ሰፌድ ላይ ሰብስቡ።

ወርቅ ቦታ ሲመጣ መልሳችሁ ማሳየት ትችላላችሁ፣ ግን በማታው ሁለት ጊዜ ብቻ። ከዚያ ካለፈ ፊልሙ ይበጣጠሳል።

በረሃውን በፍጥነት አታሳልፉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስታሳልፉት ለእንግዳው «ይህ ነገር የማይረባ ነው» እያላችሁት ነው፤ እሱም ያምናችኋል። በዚያ ፈንታ ፈንዲሻውን አዙሩ፣ ተራኪው እስካሁን የሆነውን ያጠቃልል።

አሁን የምነግራችሁ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ነው። እየሳቃችሁ ሳለ ክፍሉ ድንገት ዝም የሚልበት ጊዜ ይመጣል። በደንብ የተሠራ ሆረር ምቱ ይታወቃል፤ ሙዚቃው ሲቀንስ አንድ ነገር ሊወጣ ነው፣ ገምታችሁ ትጠብቃላችሁ። ቀሽም ፊልም ግን ሕጉን አያውቀውም። ሙዚቃው ያለ ቦታው ይገባል። ትዕይንቱ ማለቅ ያለበት ጊዜ ያልፍና ካሜራው ተዋናዩ ላይ እንደቆመ ይቀራል። ተዋናዩ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፣ ካሜራውን ሰረቅ አድርጎ ያያል። እናንተም አታውቁም። ያኔ የሚመጣው ስሜት ፍርሃት ነው ለማለት ይከብዳል፤ ሕልም ውስጥ ያለ ዓይነት ነገር ነው። ይህ ሲመጣ ማንም በቀልድ እንዳይሞላው። ተራኪውም ዝም ይበል። ጸጥታው በራሱ ጊዜ ያልፋል።

ደረጃ 9፦ መብራት ከሄደ

ፕሮጀክተሩንና ስፒከሩን ወዲያው ንቀሉ። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል ዕቃ ያቃጥላል። ላፕቶፑ ባትሪ ካለው ሰው ሁሉ ይሰብሰብና በእሱ ቀጥሉ። ባትሪ ከሌለ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ በዚያ መሀል አንድ ሰው ታሪኩ እንዴት እንደሚያልቅ ይገምት። ከዚያ ሌላው። ሁሉም ከገመተ በኋላ መብራት ሲመጣ ፊልሙ ሌላ ጉጉት ያገኛል። ሲመለስ ቶሎ አትሰኩ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ።

ደረጃ 10፦ ቡናውና ጥያቄው

ፊልሙ ሲያልቅ መብራቱን ቦግ አታድርጉት። ቡናው ይቅረብ። «እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «አሪፍ ነው» ሆኖ ይቀራል። ይህን ጠይቁ፦ «ፊልሙ ተቃጥሎ አንድ ትዕይንት ብቻ ማዳን ብትችሉ የትኛውን ታድናላችሁ?» ሁሉም በተራ ይመልስ። ደብተሩ ላይ ጻፉት። ይህ ጥያቄ ሰውን ጉድለት ከመቁጠር አውጥቶ የወደደውን እንዲፈልግ ያደርገዋል። የመልሱ ዝርዝርም ለሚቀጥለው ወር ምን ዓይነት ፊልም እንደምትመርጡ ያሳያችኋል። እኛ ጋ አብዛኛው ሰው ያዳነው ያን ፊቱን በካባ የጋረደውን ሰውዬ ነው።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

በአንድ ማታ ሁለት ፊልም ማሳየት። ሁለተኛውን ማንም አያየውም፣ የመጀመሪያውንም ያስረሳል።

ከዩቲዩብ በቀጥታ ማሳየት። ወርቁ ቦታ ላይ ክቡ መዞር ይጀምራል።

ቀድሞ «ምርጥ ቦታዎች» የሚለውን ቁራጭ ቪዲዮ ለእንግዳ መላክ። ያ ከሆነ ማታ የሚያገኙት ነገር አይኖርም።

ሕፃናት ባሉበት ማሳየት። ለኛ ፕላስቲክ የሆነው ጭራቅ ለስድስት ዓመት ልጅ ፕላስቲክ አይደለም። ሌሊት የሚያለቅሰው እሱ ነው።

የአገራችንን አነስተኛ በጀት ፊልም ማን እንደሠራው ሳያጣሩ ማቅረብ። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ የተዋናዩ እህት ሶፋው ላይ ልትኖር ትችላለች። የአገር ውስጥ ፊልም ስታሳዩ ከተቻለ ሠሪዎቹን ጥሩና ራሳቸው እንዴት እንደሠሩት ይንገሩ። እንደዚያ ያደረግን ቀን እስከ 5 ሰዓት አልተነሳንም፤ ታክሲም እኔ ነኝ የጠራሁት።

ፈንዲሻ በፌስታል ማዞር። ኮሽታው ንግግሩን ይሸፍናል። ሳህን ላይ ይሁን።

እንግዳው ከሄደ በኋላ ፕሮጀክተሩን ወዲያው አትጠቅልሉት። አምፖል ያለው ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ በማጥፊያው አጥፉት። ፋኑ አምፖሉን እስኪያቀዘቅዝ ይሽከረከራል፤ ፋኑ ራሱ ሲቆም ገመዱን ንቀሉ። አቡጀዲውን ደግሞ አትጠፉት፣ በመጥረጊያው እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ ከቁምሳጥኑ ጀርባ አቁሙት። በሚቀጥለው ወር መተኮስ አይኖርባችሁም።